ወደ ላይ የምትነሣው ግራ እጅ

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ልጅ ኮሪን ናት። ቃሉ ግን የኔ የሌዮን ነው። ማንበብም መጻፍም አልችልም። አላፍርበትም። ስድሳ ዓመት ቦሎቄ ዘርቻለሁ፤ አንድም ቦሎቄ ፊደል ቆጥረሃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ድሮ ብዕሩን የምትይዘው ሚስቴ ጀነቪቭ ነበረች። እኔ ስናገር እሷ ትጽፋለች። ከሞተች ሁለት ክረምት አለፈ። ደብተሩ ባዶውን ተቀመጠ። "እኔ ልጻፍልህ፣ ጃጃ" አለችኝ ኮሪን። እኛ የሚሺጋን ፖላንዳውያን አያትን ጃጃ ነው የምንለው።

ዛሬ ዝናብ የለም። ቦሎቄው አበባ ይዟል። ምሳ ቋሊማና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን።

ኮሪን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተሯን ስትደበድብ ዋለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ትምህርት ግዴታ ነው አሉ። ግን የሚሺጋን ሕግ ነው፣ ፈተናውን ቀድሞ ያለፈ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ከመቶ ሰባ ስምንት ካመጣች በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍራ የከብት ሕክምና ልትማር ትሄዳለች። ከወደቀች ቦታውን ሌላ ይወስደዋል። ፈተናው አንዴ ብቻ ነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ የፈለገችው ይሄንኑ ነው... ከብት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ቃጭል ሰማሁ። ኮሪን በኮምፒዩተሩ ስትጽፍ። "ይሄ ዕቃሽ ቃጭል አለው እንዴ?" አልኳት። "የለውም ጃጃ። ጆሮህ ነው።"

ጆሮዬ ደኅና ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ዛሬ ብዕሩን የያዘው ጎረቤቴ ስታሽ ነው። ኮሪን እናቷ ጋ ከተማ ሄዳለች። ስታሽ፣ ያልኩህን ብቻ ጻፍ።

ቃጭሉን ስሰማ የልጅቷን እጅ አየሁ። መስመር ሲያልቅ ግራ እጇ ወደ ላይ ይነሣል። አየሩን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ ይመለሳል። እዚያ ምንም የለም። እሷም አታውቀውም።

የጀነቪቭ እጅ ነው!

ጀነቪቭ የገበሬው ቦሎቄ ለሚመዘንበት ቢሮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በታይፕ ትጽፍ ነበር። በብረቱ ታይፕ። መስመር ሊያልቅ ሲል ቃጭሉ ቅጭል ይላል፣ እጀታውን በግራዋ ትገፋለች፣ ሌላ መስመር። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያስተማረቻት እሷ ናት።

ዛሬ መጋዘን ገባሁ። ታይፑ ጆንያውን እንደለበሰ ነው። ግን ከላይ የሚንሸራተተው ብረት መስመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ቆሟል። ጆንያውን ሳለብሰው መስመር መጀመሪያ ላይ አድርጌው ነበር፤ በገዛ እጄ። ማን አንቀሳቀሰው?

ስታሽ "አይጥ ነው" ይላል።

"አይጥ ብረት አይገፋም።"

"የሞተ ሰውስ ይገፋል? ጀነቪቭ አርፋለች፣ አንተ ሽማግሌ። አርባ ስምንት ዓመት ካንተ ጋር ኖራ እንደገና ትመለሳለች?"

ይሄንን አትጻፍ ብዬው ጻፈው። ብረቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ፈርተሃል ወይ ይለኛል። አልፈራሁም። ደስ አለኝ... አይ፣ ሰርዘው። አይ፣ ተወው።

ኮሪን፣ ይሄን ገጽ እንዳታነቢ።

ሰኞ፣ ጁላይ 22

ብዕሩ ወደ ኮሪን ተመልሷል። ፊቷ ግን ጠቁሯል። መምህሯ ሚስ ኦርደዌይ የልምምድ ፈተና ሰጥታት ሰባ አንድ አገኘች።

ለምን? ኮምፒዩተሩ መስመር ሲሞላ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ኮሪን ደግሞ አያቷ እንዳስተማረቻት እያንዳንዱን መስመር በእጇ ትቆርጠዋለች። መምህሯ የገጹን ስፋት ስትለውጠው ደብዳቤው እንደተረገጠ ብስኩት ተሰባበረ። እጇም ባዶ አየር እየገፋ ጊዜዋን ይበላዋል።

ተናደድኩ። "ያስተማረችሽ ሴት ሠላሳ ዓመት ስትጽፍ አንድ ወረቀት አልተመለሰባትም!"

"አውቃለሁ ጃጃ። ለዚያ ታይፕ ልክ ነበረች።"

ምርኩዜን አንሥቼ ልወጣ ስል ያዘችኝ።

እንዲህም አለችኝ፦ "እጄ ሲነሣ አይታወቀኝም። አንተ ታየዋለህ። አጠገቤ ተቀመጥ። በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛውን በምርኩዝህ ምታልኝ።"

"ለምን እኔ?"

"ሌላ ማን አለን?"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

አልተቀመጥኩም። አጥር ሳጠብቅ ዋልኩ። አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

ተቀመጥኩ።

የኮሪን ግራ እጅ ተነሣ። አልመታሁም። ደገመ። አልመታሁም።

"ጃጃ! አላየኸውም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ?"

በሦስተኛው መታሁ። ሳህኖቹ ዘለሉ። እጁ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቃጭሉ ቅ... ብሎ ቀረ።

"በቃሽ፣ ጀነቪቭ" አልኩ።

ከአፌ ወጣ። ኮሪን ዞራ አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ቁልፎቹ መለሰች። አሁን ይሄንንም እንዳልኩት ትጽፋለች።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነው የመታሁት።

ስታሽ በመስኮት አንገቱን አስገባ። "ፕሮፌሰር! ትምህርቱ በዱላ ነው እንዴ?"

"ና ተቀመጥ፣ ላንተም ይተርፋል።"

ሳቅን። ሲሄድ ግን... ቃጭሉ ራቀ። መጀመሪያ ከዚሁ ከጠረጴዛው ነበር የሚሰማኝ። ቀጥሎ ከመጋዘኑ። ዛሬ ከማሳው ማዶ። ሚስቱን በምርኩዝ ከቤት የሚያስወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ትቀየመኝ ይሆን? እሷ ራሷ "ይቺ ልጅ ቦሎቄ ስትለቅም እንዳትቀር" ትል አልነበር?

ነገም እመታለሁ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ፈተናው ዛሬ ነበር። ስታሽ በመኪናው ወሰደን። እኛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልን። ስታሽ አንኮራፋ። እኔ ምርኩዜን ጨብጬ የሕንጻውን መስኮት ሳይ ቆየሁ። አንድ ጊዜ ሳላስበው የመኪናውን ወለል መታሁት። ስታሽ በርግጎ ነቃ። "ምን ሆንክ?"

"እጇ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።"

ኮሪን ወጣች። "እጄ እንኳ አልተነሣም መሰለኝ" አለች። መሰለኝ...

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ሰማንያ ስድስት! አለፈች።

ስታሽ ማርማላታ ያለው ዶናት ይዞ መጣ፣ አብዛኛውን ራሱ በላው። ኮሪን ለሚስ ኦርደዌይ ምስጋና ልጻፍ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምርኩዜን በር ላይ ትቼው። መስመር አለቀ። ሌላ መስመር። ሌላ። ግራ እጇ ቁልፎቹ ላይ ተኝቷል። እንደማንኛውም ሰው እጅ።

ቃጭል የለም። ጠበቅሁ። የለም።

መጋዘን ሄጄ ጆንያውን ገለጥኩ። ብረቱ የተውኩት ቦታ ነው። ንቅንቅ አላለም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ኮሪን ዛሬ በአውቶቡሱ ሄደች። ላም ላም እየሸተተች ተመለሰች። የጥጃ ልብ በማዳመጫ ሰማሁ ትላለች፣ እንደ ከበሮ ነው ትላለች። እራት ላይ አፏ አልተዘጋም። ጥሩ።

ቀን ላይ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ዝምታው ባዶ ነው። ቃጭሉ ሳለ እንዲህ አልነበረም።

ሳህን ስታነሣ "ታይፑን ከመጋዘን ላምጣልህ?" አለችኝ። "እጀታውን አንዴ ልግፋልህ፣ ቃጭሉን ትሰማለህ።"

"አልፈልግም። አንቺ አውቀሽ ነው የምትገፊው። ያኔ ሳታውቂው ነበር።"

ሳህኖቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ቡሻ ተቀይማን ይሆን?" አያቷን ቡሻ ነው የምትላት።

"ብትቀየም ኖሮ እጅሽን አትለቅም ነበር።"

እስቲ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። የስታሽንም ገጽ... አዎ፣ ፈቅጃለሁ። ቀስ ብለሽ። መስመር ባለቀ ቁጥር ትንሽ ቁሚ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። አንብቢ።