ሊቀ መንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ የወጡበት ቤት

ኅዳር 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለታሪካዊ ቤቶችና መታሰቢያዎች አስጎብኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ በቀድሞው ሊቀ መንበራችን መታሰቢያ ቤት በር ላይ የተጻፈው እንዲታረም ስለ መጠየቅ

አመልካች ወይዘሮ ጤናዬ አለነ የኮሶ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ነዋሪ ነኝ። የማኅበራችን የቀድሞ ሊቀ መንበር ጓድ ያርጋል ውዱ ባሌ ነበር። ለሹመቱ አንቱ ማለት ይገባኛል፤ አፌ ግን አልለመደውም። ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ፈቶኝ ወይዘሮ የሺወርቅ አገኘሁን አገባ። እሷም አልወለደች።

1. ጓድ ያርጋል የዛሬ ሦስት ዓመት ለስብሰባ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ በጥይት ተመትቶ ተሰዋ። ከዚያ ወዲህ የወይዘሮ የሺወርቅ ቤት መታሰቢያ ሆነ። ተማሪው፣ ካድሬው፣ ከዳባት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በእኔ ደጃፍ አልፎ ወደ እሷ ይሄዳል። ይህስ የማን ቤት ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

2. ባለፈው ወር የሴቶች ማኅበራችን ለጉብኝት ሲሄድ እኔም ተሰልፌ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጋቢ እኔ ፈትዬ ያለበስኩት ነው። ወይዘሮ የሺወርቅ እየዳበሰች፣ ያርጋል ብርድ አይችልም ነበር ስትል ሰማኋት። ጉድ እኮ ነው! እኔ ጋ ሳለ በውርጭ በሸሚዝ ነበር የሚያርሰው። ጎረቤቶቼ ፊቴን አይተው ቀናሽ ወይ አሉኝ። አዎ፣ ቀናሁ! ምን ይደበቃል?

3. ይህንንስ በሆዴ ይዤው በኖርኩ። በሩ ላይ ግን፣ ሊቀ መንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ ለግዳጅ የወጡት ከዚህ ቤት ነው ተብሎ በቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። ወይዘሮ የሺወርቅም ስንቁን ቋጥሬ እስከ አጥሩ ሸኘሁት እያለች እንግዳ ፊት ታለቅሳለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች።

4. እውነቱን ልናገር። ጓድ ያርጋል በዋዜማው በቅሎውን እየሳበ እኔ ቤት መጣ። ያለኝን አቀረብኩለት፣ በላ፣ አደረ። ሲነጋ በሶ ቋጠርኩለት። ከስብሰባው ስመለስ ሽማግሌ ልኬ እመልስሻለሁ አለኝ። በቅሎውን ሲጭን ጎረቤቴ አቶ ጀምበሩ ታገኘ አይተውታል፤ ቢጠሩ ይመሰክራሉ። ሽማግሌው ሳይመጣ ሬሳው መጣ፤ እሱም ወደ እሷ ቤት ተወሰደ። እሷ ሚስት ተብላ ስትጽናና እኔ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት የሰው ትዳር አላዋርድም ብዬ ነበር።

ስለዚህ የተከበረው ኮሚቴ ምስክሬን ሰምቶ ጽሑፉን እንዲያነሳልኝ፣ እንግዶችም እኔ ቤት ጎራ እንዲሉ እንዲያዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ቤቴ የሣር ክዳን ነው፤ የተኛበትን መደብ ግን አሳያለሁ። ይህ አይቻልም ከተባለም ቤቱም ጎብኚውም ለእሷ ይሁን። ያን አንድ ንጋት ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
ጤናዬ አለነ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ የሺወርቅ አገኘሁ (ጮክ ተብሎ ይነበብላት)