መቶ ሺህ በሴኮንድ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት

ዛሬም ለጥፋለች። ቴሌግራም ከፈትኩ፣ እሷ። ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩ። «ሚዳቋ፦ በሴኮንድ መቶ ሺህ ግብይት።» ከሥሩ ፎቶዋ። ነጭ ሻርፕ፣ ያ የማይጠፋ ፈገግታ። ስንት ሰው ልብ እንደሰጣት አልነግርሽም ደብተሬ። እኔም አንድ ሰጠሁ፣ እንዳይታወቅብኝ።

ፈትያን ታውቂያታለሽ። የአቦምሳዋ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ዶርም የኖርን፣ አልጋዋ ከእኔ አልጋ በላይ። ከዛሬ ጀምሮ ፈ. ብቻ ነው የምላት። ሙሉ ስሟን ስጽፍ ያመኛል።

እሷ አዲስ አበባ ቢሮ ከፍታ የራሷን ብሎክቼይን ሠራች። ስሙንም ሚዳቋ አለችው። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ፕሪንተር አስነሳለሁ። ዛሬ የባርኮድ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ። ግማሽ ቀኔ በዚያ አለቀ። ቅናት ነው፣ አዎ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡00

ጉድ ስሚ። የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር የተራ አያያዙን ሊቀይር ነው። አባዬ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ከሆነ ሃያ ምናምን ዓመቱ። መኪና ሲገባ ይጽፋል፣ በተራው ያስጭናል። ሹፌሮች ግን ያሙታል። ሰሌዳዬ ተፋቀ፣ እገሌ ቀደመኝ። ስለዚህ ማኅበሩ ማንም ሊፍቀው የማይችል መዝገብ ይፈልጋል።

ያ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን የበላው። አንዱ መዝገብ በአራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል። አራቱ ተማክረው ካልተስማሙ አንዲት መስመር አትገባም፣ አንዲትም አትፋቅም። እኔም ብሎክቼይን ሠርቻለሁ እኮ። ሻርፕ የለኝም እንጂ።

ሊቀ መንበሩ ሐጂ ቃሲም ትናንት ጠሩኝ። ፈ.ም አመልክታለች። ቅዳሜ 14 ሶደሬ ባለ አዳራሽ ሁለታችንም እናሳያለን፣ ማኅበሩ አንዱን ይመርጣል። የእኔ በሴኮንድ ስንት እንደሚመዘግብ ጠየቁኝ። አርባ አልኳቸው። ከዚያ የሷ መቶ ሺህ መሆኑን ቀስ ብለው ነገሩኝ፣ አይዞሽ ልጄ ብለው። አንጀቴን ያሳረረው መቶ ሺሁ አይደለም፣ አይዞሽ መባሉ ነው።

ከአገሩ መናኸሪያ ሁሉ የአባቴን መረጠች። የአቦምሳ መስመር የሷም መስመር ነው፣ አውቃለሁ። አውቃለሁ ግን አይገባኝም።

የካቲት 8፣ እሑድ። ከሰዓት

የፈ.ን የሙከራ ፕሮግራም አወረድኩ። ለሁሉም ክፍት አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ይህም ያናድዳል፣ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንደዚህ አያደርግም። እስካሁን ያገኘሁት አንድ ነው፤ ማሽኖቹ ሁሉ ርቀት እንዳያዘገያቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ገመድ ተያይዘው ነው የተለኩት። ትንሽ ኃጢአት። አልበቃኝም።

ለአባዬ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። አንድ ሹፌር ይጨቃጨቃል። ባዶ መኪና እያስገባ እያወጣ፣ ዛሬ ስድስቴ ተመላልሻለሁ፣ ጻፍልኝ ይላል። አባዬ አልተቆጣም። «እኔ የገባ አልቆጥርም። ሞልቶ የወጣ ነው የምቆጥረው።» ሹፌሩ ራሱ ሳቀ።

ስለ መቶ ሺሁ ነገርኩት። ከዚህ በሩብ ሰዓት አንድ መኪና ቢወጣ ነው፣ ምን ያጣድፋችኋል አለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ፈ. ደውላ ደኅንነቱን እንደጠየቀችው ነገረኝ። «አካም ጅርቱ አባ» ብላ፣ በኦሮምኛ። ፊቱ ፈክቷል። አባትም ልትጋራኝ ነው። ለእኔ ከደወለች ዓመት አልፏታል።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30

አገኘሁት።

የፕሮግራሟ ቆጣሪ ነው። አንድ መስመር መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማሽኖቹ እንቀበለው? እንቀበለው እየተባባሉ ይላላካሉ አይደል። እሷ ያንን ልውውጥ ሁሉ እንደ ግብይት ትቆጥረዋለች። አንዱ መኪና አሥር ሆኖ ይጻፋል። ባዶውን እያስገባ እያወጣ ስድስቴ ያለው ሹፌር ማለት እሷ ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለሐጂ ደብዳቤ ጀመርኩ። አንድ ገጽ ተኩል ደረሰ። «ለኅሊናዬ ስል» የሚል አስገባሁ። አፈርኩ፣ ግን አላጠፋሁትም። ፋብሪካ እያንጎራጎርኩ ገባሁ። ማተሚያውም ዛሬ ወረቀት አልነከሰም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት

ደብዳቤው አልሄደም።

ለማስረጃ ልገለብጥ ወደ ፕሮግራሟ ፋይል ተመለስኩ። ከቆጣሪው በላይ ማስታወሻ አለ፣ ትናንት ቸኩዬ የዘለልኩት። «ይህን ቆጣሪ የጻፈችው የዶርም ጓደኛዬ ሰናይት ናት። አመሰግናታለሁ።»

እኔ። የአራተኛ ዓመት ፕሮጀክታችን። ቁጥራችን አንሶ ፈታኙ ፊት እንዳናፍር ልውውጡንም እንቁጠረው ያልኩ እኔ። ይሄ ልክ ነው ወይ ብላ ሁለቴ ጠይቃኛለች፣ ከላይ ካለው አልጋ አንገቷን አውርዳ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚቆጥረው አልኳት። አመነችኝ። ኤ አገኘን። እኔ ረሳሁት፣ እሷ አምናኝ እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

ስሜን የትም አታነሳም እያልኩ ስንት ገጽሽን አበላሽቻለሁ። አንስታዋለች። ውሸቱ ላይ።

የባሰም አለ። የእኔ አርባስ በምን ተቆጠረ? በዚያው ቆጣሪ።

የካቲት 13፣ ዓርብ። ጠዋት 12፡15

ትናንት ከፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። አዲስ ቆጣሪ ጻፍኩ። ሞልቶ የወጣውን ብቻ። ማለቴ፣ አራቱም ተስማምተው መዝገብ የገባውን መስመር ብቻ። የሷንም ፕሮግራም በእኔው አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አስነሳሁት። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ።

የእኔ አሥራ አንድ።

የሷ ሁለት ሺህ ገደማ።

በእኔ ኮምፒውተር ላይ፣ ደብተሬ። ውሸቱ ተራግፎም ትበልጠኛለች። እስከ ትናንት ወዲያ ታጭበረብራለች ብዬ መጽናናት እችል ነበር። አሁን ያም ቀረ። ያቃጥላል። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ሌላም ልንገርሽ። ነገ አዳራሹ ውስጥ ተነስቼ ቆጣሪሽ ባዶ ይቆጥራል ብላት አለቀላት። ሐጂ መቶ ሺሁ ውሸት መሆኑን ከሰሙ ሁለት ሺሁን አይሰሙም። ያቺን የስም መስመር ደግሞ ማን ያነባታል። ትናንት ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። ይጣፍጥ ነበር።

አሁን ቁርስ ላይ ሁሉንም ለአባዬ ነገርኩት። ቆጣሪውንም፣ ያስተማርኳት እኔ መሆኔንም። ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ በልኩ ሲቆጠር የማን ቀደመ ብሎ ጠየቀ። የሷ አልኩ። እንግዲህ የቀደመ ይጫን አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሹፌሮቹ ተራ ያዛባል እያሉ ያሙታል። ለልጁ እንኳ አንዴ አላዛባም።

ደብዳቤውን ቀደድኩ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የሷን ከላይ፣ የእኔን ከታች፣ ቆጣሪውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ከሥሩ። ፈትያ ሶደሬ ገብታለች፣ አዳራሹን እያሰናዳች ነው አሉ። በደጃችን በሚያልፈው የመጀመሪያ መኪና እሄዳለሁ። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ለብቻዋ እሰጣታለሁ። መቶ ሺሁን ራሷ ታውርደው፣ በራሷ አፍ። ነገ ሲነጋ ለሐጂ ሁለታችንም አብረን…

መኪናው መጣ መሰለኝ፣ ጡሩምባ ሰማሁ። አሁን መለስ ብዬ ሳነብ ሙሉ ስሟን ጽፌዋለሁ። አሁንም ያማል።