የባሕር ዛፉ ግዝት

ደብረ ታቦር
መጋቢት 1977 ዓ.ም.

ውድ ዘውገ፣

በመሥሪያ ቤትህ ጓድ እያሉ እንደሚጠሩህ ሰምቻለሁ። እኔ የምጽፈው ግን በኪዳነ ምሕረት ደን ውስጥ፣ ምንጯ አጠገብ ተቀምጠን አብረን ዳዊት ለደገምነው ለዘውገ ነው። እሱ ካለ ያንብበው። ጓዱ ብቻ ከቀረም ያንብበው፤ አልፈራውም።

ስድስት ዓመት ሆነው፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ በአህያ አስጭነህ ከመጣህ። ነፋስ የጣለው ትልቁ ጥድ የተወውን ባዶ ቦታ፣ ከምንጯ ራስጌ፣ አየህና «እዚህ እንትከል፤ በአምስት ዓመት ደን ይሆናል» አልክ። ፍየል እንደሚጨርሰው፣ ሰውም ለማገዶ እንደሚነቅለው ታውቅ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ፊት ቀርበህ «አባ፣ እርስዎ ቢገዝቱልን» አልከኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንተ» ስትለኝ የኖርክ ሰው ድንገት «እርስዎ» ስትለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። መስቀሌን አውጥቼ፣ ይህን ችግኝ የቆረጠ፣ የነቀለ፣ ከብት የለቀቀበት በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ውግዝ ይሁን አልኩ።

አገራችንን ታውቃለህ። የመንግሥት ጥበቃ የቆመበትን ዛፍ የሚቆርጥ አይጠፋም፤ የተገዘተበትን ግን ቅጠሉን እንኳ የሚነካ የለም። ደምሴ የደነበረ በሬውን ሲያባርር አንዷን ችግኝ ሰበረና ንስሐ ስጡኝ ብሎ በገዛ እግሩ መጣ። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አርባ ስገድ አልኩት። የሃምሳ ዓመት ሰው ለአንዲት ባሕር ዛፍ ግንባሩ እስኪላጥ ሰገደ፤ እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ቦታው ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ባሕር ዛፉ ከጥዶቹ በልጧል። ከሥሩ ሣር እንኳ የለም፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖታል። የወይራውና የኮሶው ፍሬ እዚያ ወድቆ አይበቅልም፤ ቢበቅልም በጋውን አይሻገርም። እሱ ራሱ ግን አንተ ከተከልክበት አልፎ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አምና መቃብሩ መሀል በቅሎ አገኘሁት። አንድም ሰው ሊነቅለው አልደፈረም፤ እኔ ገዝቼለታለሁና። ምንጯ አምና መንጠብጠብ ጀመረች፣ ዘንድሮ ደረቀች። ድርቅ ነው ትለኝ ይሆናል። በስድሳ ስድስቱም ድርቅ ስትፈስ አይቻታለሁ፤ አንተም አይተሃታል።

ለግብርና ጽሕፈት ቤታችሁ ዛፉን እንቁረጠው ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ለሁለቱ መልስ አልመጣም። ለሦስተኛው «በዘመቻ የተተከለን ዛፍ መቁረጥ የአብዮቱን ፍሬ ማጥፋት ስለሆነ በሕግ ያስጠይቃል» የሚል መጣ። ከግርጌው ያለውን ፊርማ አወቅሁት፤ በዳዊትህ ሽፋን ላይ ስትለማመደው አጠገብህ ነበርኩ። አፈርኩብህ ዘውገ። ምንጯን የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር። አንተ ግን ጠጥተህ ያደግክባት ናት።

እናትህ እትዬ ላቀች አሁን ውኃ የሚቀዱት ገደሉን ወርደው ከወንዙ ነው። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለህ። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ እንስራውን ያሳርፋሉ። አንድ ቀን አግኝቻቸው ልሸከምልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። «የገዘቱት አንቱ፣ ያስተከለው ልጄ፤ እንግዲህ በማን ልማረር?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጄ ሥራ ላይ ነው ብለው ለአንተ እንዳልጽፍም አስጠንቅቀውኛል። ይኸው ጻፍኩ።

ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁሜ ግዝቱን ፈታሁ። ለደምሴ ከሰጠሁት የአንዱን ቀን አርባ ስግደት እሱ እያየ እኔ ሰገድኩ። «ይብቃዎ አባ» ቢለኝም አላቆምኩም። በዚህ ሳምንት መጥረቢያና ዶማ ይዘን እንገባለን። ቆርጠን ብቻ አንተወውም፤ ጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ያስተማርከን አንተው ነህ፣ ያውም በኩራት። ሥሩን ቆፍረን እናወጣለን። በቦታውም ክረምት ሲገባ የወይራና የጥድ ችግኝ ከደኑ ውስጥ እያነሳን እናዛውራለን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጌጡ መጥቶ «አባ፣ እኔ ሪፖርት ማድረጌ አይቀርም» ብሎኛል። ፊት ለፊት ስለነገረኝ አልተቀየምኩትም። ሪፖርቱ ዞሮ ዞሮ አንተ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። የቆረጠው የኪዳነ ምሕረት ቄሰ ገበዝ ይርጋ ነው ብለህ ጻፍ፤ የሌላ ሰው ስም እንዳትጨምር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግዝቱን ፈትቼ መስቀሌን ሳወርድ እናትህ ከሴቶቹ መካከል ቀና አሉና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የአንቱስ ተፈታ አባ። ልጄ የጻፈውን ማን ይፍታው?» አሉኝ።

አንተው መጥተህ መልስላቸው። ስትመጣ በወንዙ በኩል ና፤ እንስራውን የሚያሳርፉበትን ድንጋይ ታገኘዋለህ።

የዳዊት ቤት ባልንጀራህ፣
ይርጋ