ዘንድሮ እገባለሁ ሲሉ የኖሩት መምህር ይሻው ተስፋነህ

መምህር ይሻው ተስፋነህ ከአባታቸው ከአቶ ተስፋነህ አለነ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አለምወርቅ ገሰሰ ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በደራ ወረዳ ከሐሙሲት ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በሐሙሲት፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር ተማሩ። ዕቃ ለምን ወደ ታች እንደሚወድቅ መጠየቅ የጀመሩት በልጅነታቸው ሲሆን፣ መልሱን ሲፈልጉ የሰበሩትን እንስራ እናታቸው እስከ ዛሬ አልረሱትም። በ1989 ዓ.ም. በፊዚክስ በዲፕሎማ ተመርቀው በጉና ግርጌ በምትገኘው በጥንጁት አፋፍ ትምህርት ቤት ተመደቡ። ምደባው ለሦስት ዓመት ነው ተብሎ ነበር።

ጥር 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ከወ/ሮ ስመኝ አዳነ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጸሙ። ወ/ሮ ስመኝ በደብረ ታቦር አዋላጅ ነርስ በመሆናቸው ጎጆው የተቀለሰው እዚያው ነው። ሙሽራው ወደ ከተማ ስለ መዛወራቸው ለሽማግሌዎች «ዘንድሮ እገባለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ትዝታና መልካሙ ተወልደው አደጉ፤ አባታቸው ግን ቅዳሜ መጥተው እሑድ ይመለሱ ነበር። መልካሙ በሕፃንነቱ «አባትህ ማነው?» ሲሉት «የቅዳሜው» ብሎ መልሷል።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን ሟቹን ማክበር አይሆንም። መምህር ይሻውን ማንም በግድ አልያዛቸውም፤ የያዛቸው የመማር ፍቅር ነው። በ1996 ዓ.ም. ዝውውራቸው ሊፈቀድ ሲል የዩኒቨርሲቲ የክረምት ትምህርት ዕድል መጣ። ዕድሉን ያገኘ ሁሉ ተመልሶ በነበረበት ትምህርት ቤት እንዲያገለግል ውል ይፈርማል። ፈረሙ። አምስት ክረምት ተምረው በ2000 ዓ.ም. በዲግሪ ተመረቁ፤ ግዴታቸውንም እስከ 2005 ዓ.ም. ተወጡ። ሻንጣቸውን ከሸከፉ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የሳይንስና የሒሳብ መምህራንን የሚያበቃ ሌላ ፕሮግራም ጀመረ። ከቆርቆሮ፣ ከክርና ከአሮጌ ጎማ የመማሪያ መሣሪያ መሥራት የሚያስተምር ነበርና እንዴት ይለፉት? ሻንጣው ተፈታ፣ ውሉ ተፈረመ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች መምህራንን እንዲያሠለጥኑ ተመረጡ፤ ይህኛው ውል እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. የሚይዛቸው ነበር።

ሦስተኛውን ውል የፈረሙት ለባለቤታቸው ሳይናገሩ ነው። ወ/ሮ ስመኝ ወሬውን የሰሙት ከሌላ መምህር ሚስት ነበር። የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሙሉውን አኮረፏቸው። ለፋሲካ ሲታረቁ «ለተማሪ እንቅስቃሴን ታስተምራለህ፤ አንተ ግን ከጥንጁት አፋፍ ንቅንቅ አላልህም» አሏቸው። መምህሩ ሳቁ። ይህን ታሪክ ለሚጽፈው ለታናሽ ወንድማቸው ለማሬ ግን ሳይስቁ ነገሩት፦ «በግድ ቢያስሩኝ ጠፍቼ እመጣ ነበር። የፈረምሁት በገዛ እጄ ነው። ከዚህ እንዴት ይወጣል?»

አንድ ጊዜ ሠልጣኞቻቸውን ይዘው የሙቀትን ትምህርት በፍል ውሃው ለማሳየት ወደ ወንዛዬ ወረዱ። እናታቸው ምሳ ይዘው ሐሙሲት መንገድ ዳር ሲጠብቁ ዋሉ። መኪናው ሙሉ ሰው ስለሚጠብቃቸው ቆመው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ሄዱ። ከእናቱ ጋር የጠበቀው ማሬ፣ ታላቅ ወንድሙ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከጥንጁት አፋፍ ተማሪዎቻቸው ሦስቱ የፊዚክስ መምህራን ሆነዋል፤ ሊተኳቸው የተመለሰ ግን የለም። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ ትንሽ ግን ለወቀሳም ነው።

ላለፉት ሁለት ዓመታት የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ያሠቃያቸው ነበር። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝላቸውም «ሰኔ ደረሰ፤ ያኔ ቤቴ ገብቼ አርፋለሁ» አሉ። ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በማስተማር ላይ እንዳሉ ወደቁ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዳቸው፣ ሳይደርሱ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ጥሪ ደርሷቸው መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ፣ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘውዱ ቀርበው «እትዬ ስመኝ፣ እኛ ዘንድ ይረፉ፤ ልጆቻችን የእሳቸው ናቸው» ብለው ለመኗቸው። ወ/ሮ ስመኝ ቃሬዛውን ይዘው «ሃያ ስድስት ዓመት ከእናንተ ጋር ኖሩ፤ አንድ ቀን አልከለከልኋችሁም። ውሉ ዛሬ አልቋል። ቤታቸው ይግቡ» አሉ። አቶ ዘውዱም ቃሬዛውን በፊት በኩል አንሥተው መኪናው ላይ አሳፈሯቸው፤ እስከ ደብረ ታቦርም አብረዋቸው መጡ።

መምህር ይሻው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንም፣ ሰኔም ባይደርስ፣ ዛሬ ወደ ከተማቸው ገብተዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን «ውል ፈርም» በማይባልበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።