«አንኦርቶዶክስ» የተባልኩ ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ከሰዓት በኋላ

እጄ ገና ጠመኔ ነው። አምስተኛ ክፍልን ዛሬም ወደ ግቢ አወጣኋቸው። ሲሚንቶው ላይ መንገድ ሳልኩ፤ ግማሹ ባጃጅ ነጂ፣ ግማሹ ተሳፋሪ። ኦቶና ሆስፒታል ድረስ ስንት ነው፣ ገበያ ትሄዳለህ ወይ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከአዲስ አበባ የመጡ የእንግሊዝኛ አሰልጣኝ ጥግ ቆመው ያያሉ። ስንጨርስ ለር/መምህራችን ለአቶ መኮንን ምን ይሏቸዋል? «ሺ ኢዝ ቬሪ አንኦርቶዶክስ።» በጆሮዬ ሰማሁ።

ኦርቶዶክስ አይደለችም ማለታቸው ነው። አይደለሁም፤ ጴንጤ ነኝ፣ ታዲያ ሶዶ ውስጥ ይሄ ምን ወሬ ነው? ግን ደብተሬ፣ አቶ መኮንን ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ያውም ረቡዕ ዓርብ የማያልፋቸው። የሙከራ ጊዜዬ ዓርብ ያልቃል። መቅጠሩም ማሰናበቱም በእሳቸው እጅ ነው። ፊታቸው ሲቀየር አየሁ። አለቀልኝ።

ማክሰኞ፣ ማለዳ

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እማዬ ዝም በይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ትላለች። እሱማ ያውቃል፤ እኔ ግን ሥራ እፈልጋለሁ። ጉኑኖ ያገኘሁትን የማስተማር ሥራ ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው? አቤቱታ እጽፋለሁ። ቁርስም አልበላሁ፤ ንዴት አጥግቦኛል።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ሳቄ አላቆም አለኝ።

አቶ መኮንን ቢሮ ጠሩኝ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ገባሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ይጠይቁኛል! ለካ እንግዳው ያን ሲሉ ደማቸው ፈልቶ ነበር። «እዚህ ት/ቤት ሰው በሃይማኖቱ አይመዘንም። ልጅቷ ደግሞ ከአንዳንዶቻችን ይልቅ እግዚአብሔርን የምትፈራ ናት» ብለዋቸዋል። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ሳቁ። አቶ መኮንን ባሰባቸው፤ ሻይ እንኳ ሳይጋብዙ ሸኟቸው።

አቤቱታውን አብረን እንጻፍ አሉ። የቃሉን አጻጻፍ ለማረጋገጥ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ወይ ጉድ! ኦርቶዶክስ፣ በትንሹ ፊደል ሲጻፍ፣ የተለመደውን፣ ሰው ሁሉ የተቀበለውን አሠራር የሚከተል ማለት ነው። አንኦርቶዶክስ ከዚያ ወጣ ያለ። ቤተ ክርስቲያንም ቸርችም የለበትም። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ እኮ፤ ግን ሶዶ ያደገ ሰው ኦርቶዶክስን መዝገበ ቃላት ውስጥ ምን ብሎ ይፈልጋል?

አቶ መኮንን አነበቡ። ደገሙ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ታዲያ ምስጋና ነው ወቀሳ? አቶ መኮንን ለአሰልጣኙ ደወሉላቸው። እንደ ቦታው ነው አሉ ሰውየው፤ ቀዶ ሐኪም በዚህ ቃል ቢጠራ በሽተኛው ይሸሻል፣ እሷን ግን ሌሎቹ መምህራን መጥተው ይዩዋት። እፎይ። አመስግኜ ወጣሁ።

ዓርብ፣ አመሻሽ

ተቀጠርኩ። ቋሚ! እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሁለት ሳህን በላሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አቶ መኮንንም ቃሉን የሰሙት እንደኔው ተሳስተው ነው። ያው ስህተት። እኔ በዚያ ያባርሩኛል ብዬ ጠረጠርኳቸው፤ እሳቸው በዚያ ስለኔ ከእንግዳ ተጣሉ። ትርጉሙን ሳያውቁ ነው የቆሙልኝ። ይኸው ደግሞ ዛሬ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሉኝ፣ በልቤ ምን ብያቸው እንደነበር አያውቁም። ማወቅ አለባቸው። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

አይ፣ እስከ ሰኞ ልቤ ይከዳኛል። አሁን እደውላለሁ። እየጠራ ነው