ካባው ያልተናገረው ምክር

ውድ ሴና፣

ይህ ደብዳቤ የት እንደሚያገኝሽ አላውቅም፤ ቢያገኝሽም ታስታውሺኝ እንደሆነ እንጃ። ተክለኣብ ነኝ። ልደታ፣ እትዬ ቦሰና ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖር የነበርኩት ልጅ። አንቺ የእትዬ ቦሰና ሠራተኛ ነበርሽ። የግቢው ሰው ሁሉ በእናቴ ስም “የለተኪዳን ልጅ” ሲለኝ፣ በስሜ የምትጠሪኝ አንቺ ነበርሽ።

ግቢው አሁን የለም። ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፤ እኔም እዚያው አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቶቼ ደጎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በራቸው ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሥራ ገብቼ እስክተኛ አፌን የምከፍተው ለእራት ብቻ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ካባው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በዲሽ የሚመጣው፣ የሚበረው ጀግና። ካባ ስለሚለብስ ካባው አልነው እንጂ እውነተኛ ስሙን ማናችንም አናውቅም። ቋንቋውም አይገባንም፤ ድብድብ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። የግቢው ልጆች እትዬ ቦሰና ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተጨናንቀን እናያለን። ክፉው ሰው ይወድቃል፤ ካባው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ይዞራል፤ ልክ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ቦሰና ብድግ ይሉና ያጠፉታል።

“በቃ፣ ጋለ! ቴሌቪዥኑም ይረፍ እንጂ!”

ዳንቴሉን ያለብሱታል፤ እኛም ጫማ ፍለጋ።

ሌሎቹ ልጆች እየተደባደቡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እናቴ የማታ ፈረቃ ትሠራ ስለነበር እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ደጃፍ ላይ እጎተታለሁ። አንድ ቅዳሜ የዕቃ እጣቢ ልትደፊ ወጥተሽ አየሽኝ።

“ምን ሆነህ ነው ተክለኣብ?”

“መጨረሻ ላይ ካባው ምን ሊል ነበር?”

እጣቢውን ደፋሽ። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ፣ “እትዬ ጓዳ ሲገቡ መልሼ ከፍቼ ሰማሁት። ለማንም እንዳትናገር” አልሽኝ። “ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የሚተኛ ልጅ ይሞታል አለ። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ቤት ሲገባም በሩ ይከፈት አለ።”

እኔ ደግሞ ያን ክረምት ብርዱ ሲጸናብኝ የማደርገው ይህንኑ ነበር። ክው አልኩ። ካባው ከሰማይ ሆኖ አየኝ! ለሚበር ጀግና ስለ ከሰል ማን ነገረው ብዬ አልጠየቅኩም። አንቺስ ቋንቋውን የት ተማርሽው ብዬም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ምክሬን ካንቺ እቀበል ጀመር። በእርጥብ እጅ ሶኬት አይነካም አለ። “እናትህ ልካኝ ነው” የሚል የማታውቀው ሰው ቢያንኳኳ አትክፈት አለ። አንዴ መብራት ጠፍቶ ሳለቅስ አመሸሁ፤ በዚያው ሳምንት ካባው፣ ብቻውን ያለ ልጅ ሲፈራ ግድግዳውን ይምታ፣ ከማዶ ያለው ሰው ይመልስለታል አለ። ከግድግዳችን ማዶ አንቺ የምትተኚበት ማድ ቤት ነበር። መታሁ፤ መለስሽልኝ። አንቺም የካባውን ትእዛዝ የምትፈጽሚ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ምሽት ብመታ ብመታ መልስ የለም። “አገሯ ገባች” አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን እትዬ ቦሰና “ሴና!” ብለው ሲጣሩ ሰማሁና ሮጬ ወጣሁ። ጀሪካን የያዘች ሌላ ልጅ “አቤት እትዬ” አለች። ስም መገጣጠም ነው ብዬ ተመለስኩ። ማታ ግድግዳውን ብመታ “ማነው የሚደበድበው!” ብላ ጮኸችብኝ፤ እሷ ምን ታድርግ።

አሁን የልጆች ፊልም ወደ አማርኛ በሚመልስ ስቱዲዮ ውስጥ ተርጓሚ ነኝ። ዘንድሮ፣ ታምኚኛለሽ፣ ካባው ራሱ መጣልን። ድብድቡን እየዘለልኩ የእያንዳንዱን ክፍል መጨረሻ አየሁ። ክፉው ሰው ይወድቃል፤ ካባው ወደ እኛ ይዞራል፤ አፉን ይከፍታል፤ ይስቃል። በቃ። ስቆ ይበራል።

የቪዲዮ ባለሙያችንን ዓባይነህን “ይሄ ነገር ተቆርጧል፤ ምክሩ የታለ?” አልኩት።

“የምን ምክር?”

“ለልጆች የሚናገረው ነዋ፣ ስለ ከሰል ምናምን።”

“ስለ ከሰል?” በሳቅ ፈረሰ። “ጀለሴ፣ ሰውዬው እኮ የሚኖረው ጨረቃ ላይ ነው!”

አብሬው ሳቅኩ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከቤቴ የሚወጣውን ጭስ፣ የእናቴን ማምሸት፣ ፍርሃቴን ሲያይ የነበረው ካባው አልነበረም። አንቺ ነበርሽ። አንቺም እኮ ልጅ ነበርሽ፤ በሰው ቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ የምትተኚ ልጅ። ለአንቺስ ማን ነበረሽ?

ለአለቃዬ ለደሊና ሁሉንም ነገርኳት። በየክፍሉ መጨረሻ ምክሮችሽን እንድናስገባ ፈቀደች፤ ጻፍኳቸው፣ ተቀረጹ። “ጸሐፊው ማን ይባል? ያንተን ስም ላስገባው?” አለችኝ።

“የእኔ አይደለም።”

“እንግዲያው ስሟን ከነአባቷ አምጣ። እስከ ሰኞ ካልመጣ ያንተው ይገባል።”

እትዬ ቦሰና አሁን አብነት ሰፈር፣ ልጃቸው ሰላሁን ዘንድ ናቸው፤ ሄድኩ። አርጅተዋል። ቴሌቪዥናቸው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ዘንድሮ አይግልም መሰለኝ።

“እትዬ፣ የሴናን የአባት ስም ያስታውሱታል?”

“የትኛዋ ሴና?”

“እኔ ልጅ ሳለሁ የነበረችው።”

“ልጄ፣ ሴና እኮ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሰላሁንን ያሳደገችልኝ። እሷ አግብታ ስትወጣ ሌላ መጣች፤ አፋችን ለምዶ እሷንም ሴና አልናት። ከዚያም የመጣችውን። በየጊዜው አዲስ ስም ማን ይለምዳል?”

“የእሷ እውነተኛ ስምስ?”

ሊዋሹኝ አልፈለጉም። “ጎበዝ ልጅ ነበረች” አሉኝ። “ስሟን ግን የጠየቅናት አይመስለኝም።”

ከአብነት ልደታ ድረስ በእግሬ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ የማውቃቸውን የሴት ስሞች አንድ በአንድ ከፊትሽ ጋር ሳስተያይ ነበር፤ አንዱም አልሆነልሽም።

ሰኞ ዕለት፣ ስሟ እስኪገኝ ያለ ስም ይሂድ ብዬ ደሊናን ለመንኳት። ተቆጣች፤ በኋላ ግን እሺ አለች። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ይተላለፋል። ምናልባት ልጆች ወልደሽ ይሆናል፤ ምናልባት እነሱ ሲያዩ አንቺ ከጓዳ ትሰሚ ይሆናል። ካባው ስለ ከሰል ሲናገር ብትሰሚ አትደንግጪ፤ የራስሽ ቃል ነው።

ያኔ ስቱዲዮ ደውይና ተክለኣብን አቅርቡልኝ በያቸው። ስለ እኔ አትጨነቂ፤ ደህና ነኝ፣ ማለቴ በሕይወት አለሁ። ሰላምታውም ይቆየን። መጀመሪያ ስምሽን ንገሪኝ። ይህን ደብዳቤ “ውድ” ከሚለው ቀጥሎ ካለው ቃል ጀምሬ እንደገና እጽፍልሻለሁ።

ተክለኣብ ሃብተኣብ
ልደታ፣ አዲስ አበባ