ሙጫው እስኪይዝ

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ነው፤ ደረጃ መውጣት ትቻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ሰው አላስጻፍኩም። እኔ በሕይወት እያለሁ ለልጄ ማን ይጽፍላታል?

ስለ ሥራሽ የላክሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሰውነታችን ውስጥ ዘበኛ ሴሎች አሉ፤ የማይስማማቸው ነገር ሲነካቸው በራቸው ይከፈታል፣ ካልሲየም ይገባል፣ እነሱም የያዙትን የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ነገር ይዘረግፉታል ብለሻል። ገባኝ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ስለገባኝ ወተት ተውኩ። ካልሲየም ያለው ወተት ውስጥ አይደል? ካልጠጣሁ ምን ይገባል፤ የመጋዝ ብናኝ የሚያስነጥሰኝም ይቀራል ብዬ ሦስት ሳምንት ጾምኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባባ፣ ካልሲየሙ እኮ ድሮም ደምዎ ውስጥ አለ፤ ወተት ቢተዉ የሚጎዳው አጥንትዎ ነው አለችኝ። እኔም የተውኩት ስለማይጥመኝ ነው አልኳት።

ስቃ ስትጨርስ፣ ንብ ነድፎት ጉሮሮው ያበጠ ሰው ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መርፌ አለው፣ ቶሎ ከደረሰ ይድናል አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

እናትሽን ለሞት ያበቃት ንብ የነደፋት ቀን ወዲያው ተሸክሜያት ሮጥኩ ብያችሁ ነበር። መሮጡንስ ሮጫለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። መጥታ ንብ ነደፈችኝ፣ ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ ስትለኝ ግን የጓዳውን በር ሳንቃ ሙጫ ቀብቼው ነበር። ሙጫ ከተቀባ ወዲያ ሳንቃው ቶሎ ተገጥሞ ካልተጠፈረ ሥራው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ እያየሽ ያደግሽበት ነው። ይችን ላጥብቅና አልኳት። እሷም ሰው ማስቸገር አትወድም፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

በሩ ይኸው እስከ ዛሬ አልተጣመመም።

እንግዲህ አንቺ እነዚያን ሴሎች በማጉያ መነጽር ታያቸዋለሽና ልጠይቅሽ። ከተከፈቱ በኋላ ሩብ ሰዓት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አባቴ ይከፋዋል ብለሽ አታለሳልሺው። ለወንድምሽም አሁን አትንገሪው፤ ራሴ እነግረዋለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ክፉ አይይሽ፤ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ። መልሱ የትኛውም ቢሆን ግን፣ እንደ ወትሮሽ ነይ።

አባትሽ